ደፉን የገፋችው መርፌ

አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ የማይሆንላትን ሴት፣ ትንፋሽ እንኳ ተቆጥቦ በሚሠራበት ክፍል ማን እንዳስገባት እንጃ። ብቻ ገብታለች። ምድር ቤት ያለው ማይክሮስኮፕ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ይሰማዋል፤ በር በኃይል ከተዘጋ የሚያወጣው ምስል እንደተኙበት ሸሚዝ ይጨማደዳል። እሷ ደግሞ ስታስብ ትንጎራደዳለች፤ ስልክ ስታነጋግር ትንጎራደዳለች፤ ሰው ሲያጫውታት እንኳ ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ትላለች። በዚህ የተነሣ ስሟ ተረሳና ፌንጣ ተባለች። መሣሪያው ሥራ ሲጀምር ከክፍሉ ትባረርና ከግድግዳው ማዶ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒዩተር ፊት፣ እግሯን እንደ ልቧ እያወዛወዘች ትሠራለች። ያባረሯትም፣ ቅጽል ስሙን ያወጡላትም ያው ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የቤተ ሙከራው ኃላፊና የፌንጣ መምህር ናቸው። አባቷ ካረፉ ወዲህ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ እሷን የሚቆጣ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። ዛሬ ጡረታ ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ ላይኛው ፎቅ አዳራሽ ውስጥ ይሸኛሉ። ፌንጣ ከጠዋት ጀምሮ ደረጃውን እየወጣች የምትወርደው ከሽኝቱ በፊት አንድ ነገር ልትነግራቸው ነው። መንገሩን ወዳው አይደለም። ካልነገረቻቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመው ሐሰት ሊናገሩ ነው፤ ያውም ሐሰት መሆኑን ሳያውቁ።

ነገሩን ከሥሩ ካልያዙት ሩጫዋ አይገባም። ብርን ፊቱን አጥርተው ቢያጸዱት፣ አየር በሌለበት ጓዳ ቢያስገቡትና ክፉኛ ቢያቀዘቅዙት፣ ከኤሌክትሮኖቹ ገሚሶቹ ወደ ውስጥም የማይገቡ፣ ወደ ውጭም የማይወጡ ሆነው እዚያው ፊቱ ላይ ይቀራሉ። ወለል ላይ እንደፈሰሰ ስስ ውሃ ይንሰራፋሉ። እነዚህ የፊት ኤሌክትሮኖች የሚጀምሩበት የኃይል ልክ አለ፤ ከዚያ በታች አንድም አይገኝም። እነ ጋሼ ይህንን ደፍ ይሉታል፣ የቤት ደፍ እንደሚባለው። ደፉን ፈልጋ የምታገኘው ጫፏ በጥቂት አቶሞች የሚያልቅ የማይክሮስኮፑ መርፌ ናት። መርፌዋ ብሩን ሳትነካ ትጠጋዋለች፤ ትንሽ ቮልቴጅ ይሰጣታል፤ ኤሌክትሮኖች በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሻገራሉ። ቮልቴጁ ከደፉ ጋር ሲገጥም ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ድንገት ሽቅብ ይወጣል። ሥራው ይኸው ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል፤ ሲሠሩት የሰው ዕድሜ ይበላል።

ጋሼ ገና ጠጉራቸው ጥቁር ሳለ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ብሩ ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ሞለኪዩሎች ቢሰፍሩ፣ ከእነሱ ራቅ ብሎ ባለው ባዶ ብር ላይ እንኳ ደፉ ዝቅ ይላል አሉ። በስሌት አሳዩ። ትልቅ ጉባኤ ላይ ቆመው ሲናገሩ ግን አንድ ስመ ጥር ባለሙያ፣ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሣ፣ «እንግዲህ ጎረቤቴ ዕቃ ባስገባ ቁጥር የእኔ ቤት ደፍ ሊወርድ ነው?» አለ። አዳራሹ አውካካ። ጋሼም አብረው ሳቁ፤ ያቺን ሳቅ ግን ሆዳቸው ውስጥ ይዘዋት ኖሩ። ባለቤታቸው እትዬ፣ «ሌላው ባል እንቅልፍ ሲያጣ የቤት ኪራይ ያስባል፤ የኔው ጉድ ደፍ ያስባል» ይላሉ።

አምና ፌንጣ ደፉን ወርዶ አገኘችው። መጀመሪያ ንጹሑን ብር ለካች። ከዚያ ሞለኪዩሎቹን አሰፈረችና ከእነሱ ራቅ ብላ እንደገና ለካች። ወርዷል! ጋሼ ስክሪኑን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ እንደገና አዩ። ወጥተው ሄዱ። ሲመለሱ ዐይናቸው ቀልቶ ነበር። ፌንጣም ያን ቀን የምትሆነውን አጣች፤ ሰውዬውን ትወዳቸዋለች። እንግዲህ ዛሬ ያንን ግኝት በመሰናበቻቸው ላይ ሊያበስሩ ነው። ያ ያፌዘባቸው ባለሙያም ተጠርቷል። ከፊት ወንበር ያስያዙለት ራሳቸው ጋሼ ናቸው።

ጋሼ አንድ የታወቀ ጥያቄ አላቸው። ማንም ሰው አዲስ ልኬት ይዞ ሲመጣ፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጡት፣ «መርፌዋ ያችው ናት?» ይሉታል። ፌንጣን ያን ቀን አልጠየቋትም። እሷም አልተናገረችም። መደበቋ አልነበረም፣ ጉዳዬ ብላ አላሰበችውም። በሁለቱ ልኬቶች መካከል አንድ ሞለኪዩል መርፌዋ ጫፍ ላይ ተጣብቆ አስቸግሯት፣ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አድርጋ ነበር፤ መርፌዋን ብሩ ውስጥ ጠቅ አድርጋ አወጣቻት። ጫፉ የሚጸዳው እንደዚያ ነው። አፍንጫን እንደ መናፈጥ ያለ ነገር ነው፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እሷ ግን በዚያ በጥድፊያ እጇ ጠለቅ አድርጋ ወጋችው። መርፌዋ ጸድታ ወጣች፤ ጫፏ ግን ዶለዶመ።

ቮልቴጅ የተሰጣት መርፌ ብር ፊት ስትቆም በሁለቱ መካከል የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። መስኩ ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የፊት ኤሌክትሮኖቹን ይጫናቸዋል፣ ደፋቸውን ወደ ታች ይገፋል። መርፌዋ በቀረበች ቁጥር ግፊቱ ይበረታል። ጫፏ ሲዶለድም ደግሞ መስኩ በሰፊው ይጫናል። ይህን ያላነበበ የሙያው ሰው የለም፤ ትንሽ ነው ብሎ የማያልፈውም የለም።

ሐሳቡ የመጣባት ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጥርሷን ስትቦርሽ ነው። ደፉን ያወረዱት ሞለኪዩሎቹ ባይሆኑስ? ዱልዱሟ መርፌ ብትሆንስ? ከዚያ ወዲህ እህል አፏ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም። ልፈትሸው ትልና ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ሌላ ሥራ ትዝ ይላታል፤ ትመለሳለች። ያዩዋት ሁሉ «ፌንጣ ዛሬም ፌንጣ ናት» ብለው ያልፋሉ።

ዛሬ ጠዋት ሰዉ አዳራሽ ሲያስጌጥ ሄዳ ፈተሸችው። ያችኑ የአምናዋን መርፌ ከተቀመጠችበት አወጣች፤ ሞለኪዩል የሚባል ነገር ያልነካው ንጹሕ ብር አስገባች፤ ለካች። ደፉ ወርዷል። አምና የጋሼን ዐይን ያቀላው ዝቅታ፣ ያው ራሱ፣ ምንም በሌለበት ብር ላይ ቁጭ ብሏል። መርፌዋን ራቅ አደረገቻት፤ ደፉ ወጣ። አቀረበቻት፤ ወረደ። ፌንጣ ወንበሩን ገፍታ ተነሣችና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።

ጋሼን ቢሯቸው አገኘቻቸው። እትዬ ፊት ለፊታቸው ቆመው ከረባት ያስሩላቸዋል።

«ጋሼ፣ አንዴ ላናግርዎት?»

«ግቢ፣ ግቢ! እስቲ አንቺ ፍረጂ፤ ይህቺ ሴት በገዛ ከረባቴ አንቃ ልትገድለኝ ነው ወይስ አይደለም?»

«ዝም ብለህ ቁም እንግዲህ» አሉ እትዬ። ከዚያ ወደ ፌንጣ ዞሩ። «ነይ ልሳምሽ፣ የኔ ልጅ። እነዚህ ኤሌክትሮኖች እኮ ጣውንቶቼ ናቸው። ዕድሜ ልኬን ትራስ ስንጋራ ኖርን። ዛሬ ግን በአንቺ የተነሣ ታረቅኋቸው። ይህ ሰው ፈገግ ብሎ ሲነሣ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ይኸው ሰሞኑን እየዘፈነ ነው የሚታጠበው።»

«ድምፁን ባትሰሚው ይሻላል እንጂ!» አሉና ጋሼ ሳቁ። «ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

እትዬ ጉንጯን በሁለት እጃቸው ይዘዋታል። «ኋላ... ኋላ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ራሷን ረገመች፤ ወደ ጫፍ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። በሩን ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ ውስጥ ሲሣሣቁ ሰማችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

ሁለተኛ ያገኘቻቸው ደረጃው ላይ ነው። ያ ፌዘኛ ባለሙያ ዛሬ በከዘራ የሚሄዱ ደቃቃ ሽማግሌ ሆነዋል፤ ጋሼ ክንዳቸውን ደግፈው እያወጧቸው ነበር። ፌንጣ ከፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ...»

«ይቺ ናት!» አሉ ጋሼ ለእንግዳው። «ያልኩህ ልጅ ይቺ ናት። እጇ ወርቅ ነው። አሁኑኑ ጨብጣት፤ ኋላ እሷን ሰላም ለማለት ወረፋ ትይዛለህ!»

እንግዳው ከዘራቸውን ወደ ግራ አዛውረው እጃቸውን ዘረጉላት። ፌንጣ ጨበጠቻቸው፤ ከዚያ ያንን ወርቅ የተባለ እጅ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ሽማግሌው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆመው፣ «ምን አግኝታችሁ እንደሆነ አይነግረኝም። ይዞኝ ይዞራል እንጂ አፉን አይከፍትም» ብለው አጉረመረሙ።

«ትሰማለህ! አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያለ ትሰማለህ!» አሉ ጋሼ። ፊታቸው በርቷል። ይህን ያህል ደስ ብሏቸው አይታ አታውቅም፤ ጥግ ይዛ አሳለፈቻቸው።

ሰዉ አዳራሹን እየሞላ ነው። ፌንጣ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለችው፣ ወንበር ወደሚከመርባት ክፍል ገባች። ጋሼ እዚያ ብቻቸውን ቆመው በለሆሳስ ንግግራቸውን ይለማመዳሉ። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችው። እንዴት ብላ እንደምትጀምር ከጠዋት ጀምሮ ስንት ዓይነት አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት።

«ጋሼ፣ መርፌዋ ያችው አልነበረችም።»

የጋሼ ከንፈር የጀመረውን ቃል እንደያዘ ቀረ።

«ብሩን ወግተሽባት ነበር?» አሉ።

«በሁለቱ ልኬቶች መካከል። በጣም ጠለቅ አድርጌ ነው የወጋሁባት። ዛሬ ንጹሕ ብር ላይ ሞከርኳት...»

«አሳዪኝ።»

«ሰዉ እየጠበቀ ነው እኮ...»

«አሳዪኝ አልኩ!»

ወረዱ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ጋሼ ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ወርውረው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ። በእሷ እጅ አላመኑም፤ ራሳቸው ለኩ። መስመሩ ሽቅብ ወጣ፤ የወጣበትን ቦታ ሁለቱም በቃላቸው ያውቁታል። ጋሼ መርፌዋን አራቋት። ለኩ። ጥቂት አራቋት። ለኩ። ደፉ በራቀች ቁጥር ሽቅብ እየተመለሰ፣ በንጹሕ ብር ላይ ሁልጊዜ ወደሚገኝበት ወደዚያ ተራ ቦታው ተጠጋ። መልሰው አቀረቧት፤ ደፉ ተመልሶ ወረደ። ይህን ደጋገሙት። ፌንጣ ከኋላቸው ጥፍሯን እየበላች እግሯን ታወዛውዛለች።

«እግርሽን አቁሚው!» ብለው ጮኹባት። «ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ? በቀስታ! በቀስታ! ሚስማር እኮ አይደለም የያዝሽው! አንቺ ልጅ ቁጭ ብለሽ አንድ ነገር እንኳ... አንድ ነገር እንኳ በቅጡ...» አልጨረሱትም።

ፌንጣ እንባዋ መጣ። የተናገሩት እውነት ነው፤ ይበልጥ ያመማትም እውነት መሆኑ ነው። ግን ከእንባው ጋር ንዴትም መጣ።

«እውነትዎን ነው። አጥፍቻለሁ። ግን እርስዎስ ጋሼ? ማንንም የሚጠይቁትን ጥያቄ እኔን ያን ቀን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር!»

ጋሼ ወደ ስክሪኑ እንደዞሩ ናቸው።

«ልጠይቅሽ አፌን ከፍቼ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዘጋሁት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። በቃ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ እንደዚያው ልቆይ ብዬ ነው። ነገ እጠይቃታለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ... »

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተንቀጠቀጠ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሞ። ኮሪደሩ ላይ ሰው እየመጣ ነው። የማን ኮቴ እንደሆነ ሁለቱም ከመስመሩ አወቁት።

«እትዬ ናቸው» አለች ፌንጣ።

በሩ ተከፈተ። «እናንተ ሰዎች ጤነኞች ናችሁ? አዳራሽ ሙሉ ሰው ወንበር ላይ እየተቁለጨለጨ...» እትዬ የሁለቱን ፊት አዩና ንግግራቸውን ዋጡት። ባላቸውን፣ ከዚያ ስክሪኑን፣ ከዚያ ፌንጣን አዩ። ስለ ደፍ የሚያውቁት ከትራስ የሰሙትን ያህል ነው፤ ግን ያን ያህል ዓመት ሰምተዋል። ቀስ ብለው መጡና ከረባቱን ከትከሻቸው ላይ አውርደው አስተካከሉላቸው። «ና እንሂድ» አሉ። «ምንም ሆነ ምን፣ ሰውን ማስጠበቅ ነውር ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ፌንጣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ መቀመጡማ የማይታሰብ ነው። ጋሼ መድረክ ላይ ወጥተው ሁሉንም አመሰገኑ። ጽዳት የሚሠሩትን፣ መሣሪያ የሚያቀዘቅዙትን፣ ያስተማሯቸውን፣ እትዬን። ስለ ግኝቱ ትንፍሽ አላሉም። ከኋላቸው የግኝቱ ሥዕል ሊታይበት የተሰቀለው ነጭ ጨርቅ ባዶውን ነበር። ሰዉ አጨበጨበ። ፌንጣም እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። አመለጡ አለች በሆዷ። ዝም ብለው ይውረዱና ነገሩ በእኛ መካከል ይቅር። ማን ምን ይጎዳል?

እንግዳው ግን ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ኳ ኳ አደረጉ። «ቆይ እንጂ! ትልቅ ዜና አለ ተብዬ እኮ ነው በዚህ ጉልበቴ ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት። ዜናው የታለ?»

ሰዉ ሳቀ። ጋሼ ከመድረኩ ሊወርዱ አንድ እግራቸውን አንሥተው ነበር። እትዬ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ፌንጣ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጋሼ ያነሡትን እግር መለሱና ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጉ።

«ዜና ነበረኝ» አሉ። «አንተ ፊት ልናገረው አንድ ዓመት ሙሉ ስዘጋጅ ነበር። አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ተሳስቼ ነበር። ደፉ አይወርድም።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጋሼም ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩት። መርፌዋ ዱልዱም እንደነበረች፣ በእሷና በብሩ መካከል ያለው መስክ ደፉን እንዴት እንደገፋው፣ ሞለኪዩሎቹ እጃቸው እንደሌለበት። ድምፃቸው አንዴ ተቆረጠና ውሃ ጠጡ። የፌንጣን ስም አልጠሩም። ሲጨርሱ ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ ሰዉ ግራ ገባው። እንግዳው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሥተው ቆሙ፤ ጋሼ ወርደው ቦታቸው እስኪደርሱ ድረስም አልተቀመጡም።

ሽኝቱ እንደ ምንም አለቀ። ፌንጣ ግቢው ውስጥ መኪናው ዙሪያ ስትሽከረከር ቆየች። ጋሼ የተሰጣቸውን ስጦታ ታቅፈው ወጡ፤ እትዬ ወደ ኋላ ቀርተው ሰው ይሰናበታሉ። ይቅርታ ልትጠይቃቸው አፏን ስትከፍት በእጃቸው ዝም አሰኟት። ስጦታውን መኪናው ጣራ ላይ አስቀመጡ። ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ማንም አጠገባቸው እንደሌለ ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዲያው...» አሉ። «መስኩን ሙሉ በሙሉ ብናወጣው። የመርፌዋን ግፊት ጠቅላላ ብንቀንስ። ጥቂት፣ እንዲያው ጥቂት ዝቅታ አትቀርም? ለሞለኪዩሎቹ የምትሆን?»

ፌንጣ ጠዋት አስልታው ነበር። የአምናውን ልኬትና የዛሬውን የንጹሕ ብር ልኬት አንዱን በሌላው ላይ ስትደርባቸው ልክክ ብለው ገጥመዋል። ጋሼ በጉጉት ያዩዋታል፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የቀበሩትን ነገር አሁን በሹክሹክታ ከእሷ ይጠይቃሉ። «እንየው» ብትላቸው ደስ ይላቸዋል። አንድ ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ ምናልባትም ዕድሜያቸውን ሙሉ።

«ምንም አልቀረችም፣ ጋሼ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጦታውን ከጣራው ላይ አወረዱ፣ በሩን ከፈቱ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። እትዬ እየመጡ ነው።

«መርፌ ደፍ እንዴት እንደሚገፋ ጻፊው» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት። «ሌላውም ሰው በዚህ እንዳይታለል። ስትጽፊው ደግሞ ስሜን ከስምሽ ፊት አድርጊው።»

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እኮ፤ እንዴት የእርስዎን ስም...»

«ያልጠየቅሁሽ እኔ ነኝ፤ ከፊት» አሉ ጋሼና መኪናው ውስጥ ገቡ።